ግድግዳው ሳይናገር አልጎርስም

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሥራ ነው የሠራው፤ በሰው ግድግዳ ላይ ሴራሚክ መለጠፍ። ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የሐኪም ቤት ኮሪደር፣ የዳቦ ቤት ግድግዳ፣ ያልለጠፈው የለም። ሰፈሩ ግን በሙያው አይጠራውም። ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ኳኳ» ነው የሚለው፤ እሱም ስሙን ወዶት ኖሯል።

ስሙ የወጣለት በማንኳኳቱ ነው። አንድ ግድግዳ ለጥፎ ሲጨርስ የመሃል ጣቱን አጥፎ በአንጓው እያንዳንዱን ሴራሚክ ኳ፣ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያዘነብላል። ከጀርባው ሲሚንቶው ከጥግ እስከ ጥግ የሞላ ሴራሚክ ድምፁ ድፍን ነው። ክፍተት ያለበት ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። የጮኸውን ያለ ምሕረት በመሮ ይነቅለዋል፤ ባለቤቶቹ «ተወው፣ ማን ያየዋል?» ቢሉትም አይሰማም። ይሄ አመሉ ከሥራ ቦታ አልፎ ቤት ገባ። ጠረጴዛ ሲገዛ ያንኳኳል፣ በር ሲገዛ ያንኳኳል፣ ሐኪም ደረቱን ሲያንኳኳለት «ድፍን ነኝ ወይስ ባዶ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔን ሊያገባ የመጣውን ሰው ሳያንኳኳ የቀረው እናቴ በዓይኗ ስለገሠጸችው ብቻ ነው። ምነው አንኳኩቶት በነበረ! ሰውዬው ባዶ መሆኑን ለማወቅ እኔ ስንት ዓመት ፈጀሁ፤ ትዳሩ ሲፈርስ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ።

ሌላም አመል ነበረው። ሥራው አልቆ፣ ባለቤቶቹ ባሉበት ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አንኳኩቶ ድፍን መሆኑን ሳያሰማ በዚያ ቤት እህል አይቀምስም። «ግድግዳው ሳይናገር አልጎርስም» ይላል። ኩራት የሚመስላቸው ነበሩ፤ «የኛ ምግብ ምን ሆነና ነው?» ብለው የተቀየሙትም አሉ። እሱ ግን ከልቡ ነው። ባልተስተካከለ ሥራ ላይ የሰው እህል መብላት ለእሱ ከስርቆት አይለይም። ስለዚህ ምሳውን እናቴ ቋጥራ ትወስድለትና መንገድ ዳር ተቀምጦ ይበላል። የመጨረሻው ቀን ግን፣ ግድግዳው ከተናገረ በኋላ፣ የቀረበለትን ሁሉ ጥርግ አድርጎ «ከሱ ትንሽ ጨምሩልኝ» ሲል ባለቤቶቹ ራሳቸው ይስቃሉ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ሥራውን ተወ። ከዚያ መርሳት መጣ። መጀመሪያ ቁልፉን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠ፤ ሳቅንበት። ቀጥሎ እኔን በአክስቴ ስም መጥራት ጀመረ፤ አሁንም ሳቅን። አንድ ቀን «እናትሽ ከገበያ አልተመለሰችም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ሳቁ ቀረ። እንዲያም ሆኖ ወጥ ቤት ሲገባ ሌላ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ ራሱ የለጠፈው ፈዛዛ አረንጓዴ ሴራሚክ አለ፤ እሱን ኳ፣ ኳ አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ሻዩን ራሱ አፍልቶ ይጠጣል።

ታዲያ ያ ግድግዳ ውሃ ያፈስ ጀመር። ውስጡ ያለው ቧንቧ አርጅቷል። የቧንቧ ሠራተኛው የሚያፈስበትን ቦታ ስላላወቀ እዚህ ሰበር፣ እዚያ ሰበር እያደረገ ግድግዳውን ፈንጣጣ የያዘው ፊት አስመሰለው። ያን ዓይነት ሴራሚክ ዛሬ ከየት ይመጣል? ወንድሜ ሩቅ ከተማ ነው የሚኖረው፤ በስልክ «ሁሉንም አስነቅለሽ ጂፕሰም ቦርድ አስደርጊው፤ ቶሎ ያልቃል፣ ቧንቧ ሲበላሽም መክፈት ቀላል ነው» አለኝ። በሩቅ ሆኖ ቤት ማፍረስ ለማንም ቀላል ነው። የተናገረው ግን ልክ ነበርና እሺ አልኩ። አሁን ሰው ሁሉ «ምነው ባልነካሽው» ይለኛል። ግድግዳው ውሃ ሲያለቅስ ምን ላድርግ? አብሬው ላልቅስ?

አቧራው እንዳያፍነው ብዬ አባቴን አክስቴ ቤት ሰደድኩት። ባለጂፕሰሙ ፉጨት የማይለየው ደስተኛ ሰው ነው። የወጥ ቤቱንም የመታጠቢያ ቤቱንም ሴራሚክ ነቀለ፣ ቧንቧው ተቀየረ፣ ከዚያ ቀጫጭን ብረት አቁሞ ሰሌዳውን በብሎን አሰረበት፤ መጋጠሚያውን በጀሶ ደፍኖ ነጭ ቀለም ቀባው። ቤቱ ብርሃን ሞላው። ወደድኩት፤ አልዋሽም።

አክስቴ አባቴን ይዛ ስትመጣ፣ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ጠረገ። በራሱ ቤት ጫማ ጠርጎ አያውቅም፤ እናቴ ስንት ዘመን ተጣልታዋለች። ወደ ወጥ ቤቱ ገባና ዙሪያውን አየ። «ጥሩ ቤት ነው» አለ። ቀጥሎ ጣቱን አጥፎ አንኳኳ።

ግድግዳው ባዶ ጮኸ።

ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አንኳኳ። እዚያም ባዶ። ከበሩ እስከ መስኮቱ እያንኳኳ ሄደ፤ በሄደ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ መጣ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀና ወደ እኔ ዞረ።

«እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። «ሥራው ተበላሽቷል። ሁሉንም ነቅዬ እንደገና እሠራልዎታለሁ።»

እመቤት አለኝ! «አንቺ ቀበጥ» እያለ ያሳደገኝ አባቴ አንቱ አለኝ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ። ልጅህ ነኝ። ቤትህ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ እመቤት» አለ። ምኑን እንዳወቀ እንጃ።

ራት አቀረብኩ። እጁን በእጁ ይዞ ወደ ኋላ አለ። «ግድግዳው ሳይናገር አልጎርስም» አለኝ፣ በትሕትና፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ራሱን በሰው ቤት ያለ ሠራተኛ አድርጎታል፤ ባዶ የጮኸውን ግድግዳ ደግሞ የራሱ የተበላሸ ሥራ አድርጎታል። ስለዚህ አይበላም። መግባቱስ ገባኝ፤ ግን ገብቶኝ ምን ላደርግ? ባዶ መሆን ያለበትን ግድግዳ በምን ላናግረው?

ጠዋትም አልበላም። አክስቴ «ቤቱ ጠፍቶበት ነው፣ ይልመደው» አለች። ጎረቤታችን «ቀለሙ ሸቶት ነው» አለች። ወንድሜ በስልክ «ጨጓራው ይሆናል» አለ፤ የግድግዳውን ነገር ስነግረው ደግሞ «ለምን እውነቱን አታስረጂውም?» ብሎ ተቆጣኝ። እስኪ አንተ አስረዳው ብዬ ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። ሲነጋገሩ ቆዩና አባቴ ስልኩን መለሰልኝ፤ «ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚለው ግን ግራ ነው» አለ።

ቀኑን መንገድ ዳር ተቀምጦ ዋለ። ምን እንደሚጠብቅ ስጠይቀው «ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ ትመጣለች» አለኝ። ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እናቴ ምሳ የምትቋጥርበትን የድሮ ዕቃ ከቁም ሳጥን አወጣሁ፣ ሾርባ ሞላሁበት፣ ወስጄም «ባለቤትዎ የላኩልዎት ነው» አልኩት። ደስ ብሎት ከፈተው። በማንኪያ አንድ ጊዜ ፉት አለና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይሄ የሷ እጅ አይደለም። የሷ ሾርባ እንዲህ አይቀጥንም» አለ።

ተሰደብኩም፣ ተዋረድኩም፣ ግን ልቆጣም አልቻልኩም። እውነቱን ነው፤ የኔ ሾርባ ይቀጥናል። ያን ቀን ማታ ወንድሜ «ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ካልበላ ወስጄ ሐኪም ቤት አስተኛዋለሁ፣ በቱቦም ቢሆን ይመገባል» አለኝ። አባቴ፣ የሰው ግድግዳ ሲነካ እጁን ሁለት ጊዜ የሚታጠበው ሰው፣ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ሊተኛ ነው። ደግሞ ወንድሜ ምን ይበል? ሰው ካልበላ ይሞታል። ማንኛችን ልክ እንደሆንን አላውቅም ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። በማግስቱ ባለጂፕሰሙን ጠራሁት። «ና፤ ግድግዳውን የሠራኸው አንተ መሆንህን ንገርልኝ። ጥፋቱ የሱ አለመሆኑን ይወቅና ይብላልኝ» አልኩት። ሰውዬው ደግ ነው፤ የያዘውን ሥራ ጥሎ እያፏጨ መጣ። አባቴን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ አገኘው።

«አባባ፣ ይሄን ግድግዳ የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ» አለው።

አባቴ ከላይ እስከ ታች ገመገመው። «ሲሚንቶ አድርገህበታል?»

«ሲሚንቶ የለውም አባባ። በብሎን ነው የታሰረው።»

«ግድግዳ? በብሎን?»

«አዎ። ይኸው ይስሙ» አለና በእጁ ዳብሶ ከኋላ ብረቱ ያለበትን ቦታ አንኳኳ። እውነትም ድፍን ነበር። የአባቴ ፊት ትንሽ ፈካ፤ የኔም ልብ አብሮ ተነሣ። አባቴ ግን እጁን አንድ ስንዝር ወደ ጎን ወሰደና አንኳኳ።

«እዚህስ?»

«እዚያማ ባዶ ነው። ባዶ መሆን አለበት፤ አሠራሩ ነው።»

«ባዶ መሆን አለበት?»

«አዎ አባባ።»

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እመቤት፣ ይሄ ልጅ ሳያመው አልቀረም» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ባለጂፕሰሙም ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። ሳቄን እንደ ቁጣ ቆጥሮት ነው መሰለኝ፣ በእኔና በሰውዬው መካከል ገብቶ ቆመ። «በሱ አይፍረዱበት» አለኝ። «ረዳቴ ነው፤ ገና እየተማረ ነው። ቆሜ ሳላየው የሄድኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ይሄን ብሎ የሸሚዙን እጅጌ ይሰበስብ ጀመር። ክንዱ መክሳቱን ያን ጊዜ አየሁ።

ባለጂፕሰሙ ፉጨቱ ጠፋበት። «ኧረ አባባ፣ እርስዎ እኮ ምንም…» ብሎ ጀመረና ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሱ አየሁ። ስሸኘው በር ላይ ቆም አለ። «አሁንስ እኔም ግራ ገባኝ። ግድግዳው ግን ደህና ነው አይደል?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት።

ዓርብ ዕለት ከምሠራበት ፋርማሲ አስፈቅጄ በጊዜ ተመለስኩ። በሩ ክፍት ነው። አባቴ መንገድ ዳር የለም፣ ክፍሉ የለም፣ ወጥ ቤትም የለም። በቃ ወጥቶ ጠፋ አልኩ። እየሮጥኩ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

እዚያ ነበር። ከግድግዳው የተነቀለው ፍርስራሽ ጭነት መኪና እስኪመጣለት በጆንያ ተሞልቶ ጓሮ ተቀምጧል። አባቴ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦበት፣ አንዱን ጆንያ ፈትቶ፣ አረንጓዴውን ስብርባሪ መሬት ላይ ደርድሮታል። አንዱን ቁራጭ በጀርባው በኩል አዙሮ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ያያል። አቧራው ቅንድቡ ላይ ሰፍሯል።

«ይሄን የነቀለው ማን ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ሠራተኛ ነው» አልኩት።

«ጀርባውን ይዩት እመቤት። ሲሚንቶው አለቀቀም፤ ግድግዳውን ቦጭቆ ነው የወጣው። ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቷል፣ ጉንዳን የሚገባበት ክፍተት የለውም።» በአውራ ጣቱ ደባበሰው። «የለጠፈው ሰው አልቸኮለም። ቤቱን ይወደው ነበር። የማን ሥራ ነው?»

ያንተ ነው ልለው ነበር። ሰሞኑን ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ «ቀልደኛ ነዎት» እያለ ነው የሚያልፈኝ። ልዋሽም ፈራሁ፤ የሾርባው ውሸት ገና ፊቴን ያቃጥለኛል። አፌ ግን ሳላዘው ተናገረ።

«የአባቴ ነው» አልኩት።

«አባትዎ ሴራሚክ ለጣፊ ናቸው?»

«አዎ።»

«በሕይወት አሉ?»

አየሁት። የሸሚዙ ኮሌታ ለአንገቱ ሰፍቶታል። ጣቶቹ ቁራጩን እንደ ጫጩት ይዘውታል። አሉ ልበል? የሉም ልበል? ለየትኛው ጥያቄ ነው የምመልሰው?

«አሉ» አልኩት። «ቤቱ የሳቸው ነው።»

«ምነው ታዲያ እስካሁን ሳይነግሩኝ!» ብሎ ቀና አለ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ፊቱ ሲበራ አላየሁም። «እንደዚህ ያለ ሰው ቤት ከሆነማ እህል ይበላል እንጂ! የውስጡን ግድግዳ ከሳቸው ጋር ተማክረን እናስተካክለዋለን። እሳቸው ያውቁበታል።»

ሮጥኩ። እግሬ ከመድረኩ ጋር ተጋጭቶ አውራ ጣቴን ላጥኩት፤ ሕመሙ የተሰማኝ በኋላ ነው። ቀጭን ሾርባዬንና ዳቦ ይዤ ተመለስኩ። እጁን ታጠበ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በላ። ፍርስራሹ መሃል፣ ባልዲው ላይ ተቀምጦ፣ ሾርባውን እስከ መጨረሻው ጠጣ። አጠገቡ ተንበርክኬ እያንዳንዱን ጉርሻ እንደ ሕፃን እናት አየሁ። ዳቦውን ሲያጋምስ ቆም አለና ግማሹን በሳህኑ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄን ለአባትዎ ያስቀምጡላቸው» አለኝ። «ደክመው ነው የሚመጡት።»

ለወንድሜ ደወልኩ። «በላ» አልኩት።

«ተመስገን! ቤቱን አወቀው ማለት ነው?»

«አላወቀውም።»

«አንቺንስ?»

«እኔንም አላወቀኝም።»

«ታዲያ እንዴት በላ?»

«በእንግድነት።»

«የማን እንግዳ ሆኖ?»

«የራሱ» አልኩት። «አልገባኝም» አለኝ። እኔም አልገባኝም አልኩት። ለማንኛውም ቅዳሜ እመጣለሁ አለ፤ እወስደዋለሁ የሚለውን ግን አልደገመውም።

ጠላቴ ይደሰት፣ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። እውነቱን ተናግሬ አባቴን አታለልኩት ወይስ ዋሽቼ እውነቱን ነገርኩት? እመቤቷ እኔ ነኝ፣ ልጁ ነኝ፣ ወይስ የአንድ የማላውቀው ታላቅ ለጣፊ ልጅ? እህል ከገባ ሌላው ይደርሳል ብዬ ለጊዜው ተውኩት።

ፀሐይ ስትጠልቅ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሾርባውን አሙቄ፣ ያስቀመጥኩትን ግማሽ ዳቦ ጨምሬ አቀረብኩለት። አመስግኖ ይበላ ጀመር። ጥቂት እንደጎረሰ ድንገት እጁን አቆመና በሐሳብ ቀና ብሎ አየኝ።

«አባትዎ በሉ?» አለኝ።

«እየበሉ ነው» አልኩት።